አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ በሴለም ጎረቤት ጎረቤቱን ለምን ከሰሰ?

ባለፈው እትማችን በ1692 በሰሜን አሜሪካ፣ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት በማሳቹሴትስ ስለ ተካሄደው የሴለም የጥንቆላ ክስ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ጽሑፉ ሳይመልሳቸው ያለፋቸው ነገሮች ብዙ እንደነበሩ ከደረሱን ደብዳቤዎች ተረድተናል። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጠን እነሆ እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው። ባለፈው ኦክቶበር ልጆቼን ይዤ ሴለምን ለማየት ሄጄ ነበር። ከተማዋ እንደ ፈረንጅ ተረት ጠንቋይ ሹል ጥቁር ባርኔጣ በደፉና መጥረጊያ በያዙ ሰዎች ተሞልታ ሠርግ ቤት መስላ ጠበቀችን። የሟቾቹ ስም በተቀረጸበት የድንጋይ መቀመጫ አጠገብ ስንደርስ የሰባት ዓመት ልጄ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ ጠንቋዮች ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት ጠፋኝ። በእሳት ተቃጥለው ነው የሞቱት ሲባልም እሰማለሁ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚጸልዩ ሰዎች ምን ቢሆኑ ነው እንዲህ የተጨካከኑት?
(ወ/ሮ አ.፣ ከማሳቹሴትስ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ለልጅዎ የሚሰጡት መልስ «አልነበሩም» የሚለው አንድ ቃል ነው። በእሳት የተቃጠለም የለም። በእንግሊዝ ሕግ ጥንቆላ በስቅላት የሚያስቀጣ ወንጀል ስለነበረ ከጁን 10 እስከ ሴፕቴምበር 22 ቀን ድረስ 14 ሴቶችና 5 ወንዶች በገመድ ተሰቀሉ። ጃይልስ ኮሪ የተባለ ዕድሜው ሰማንያ ገደማ የሆነ ገበሬ ደግሞ በፍርድ ቤቱ ለመዳኘት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተቆለለበት ሞተ። ቢያንስ አምስት ሰዎች በእስር ቤት አልቀዋል። የተከሰሱት ከ150 ይበልጣሉ፤ ከመካከላቸውም ዶሮቲ ጉድ የተባለች ገና አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ሕፃን በሰንሰለት ታስራ ወራት ቆይታለች።

«ምን ቢሆኑ ነው» ላሉት ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። አስቀድመን አንድ ነገር እናርም፤ ልጆችዎን ይዘው የሄዱባት ከተማ ችሎቱ የተቀመጠባት ናት እንጂ ነገሩ የተጀመረባት አይደለችም። የተጀመረው በዚያን ጊዜ ሴለም መንደር ትባል በነበረችው፣ ዛሬ ዳንቨርስ በምትባለው የገበሬዎች ቀበሌ ነው። መንደሪቱ ከባሕር ዳር ለነበረችው ለሴለም ከተማ የምትገብር፣ ነገር ግን የራሷ አስተዳደር የሌላት ስለነበረች ለድንበር ጠብም ሆነ ለግብር ክርክር እዚያው የሚዳኝ ሹም አልነበራትም። በ1672 የራሷን የጸሎት ቤት እንድትሠራና ሰባኪ እንድትቀጥር ቢፈቀድላትም፣ ከዚያ በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ሰባኪዎች ተፈራርቀውባታል። አንዱ የመጣው በእነ እገሌ ወገን ነው ከተባለ የእነ እገሌ ተቃዋሚዎች ደመወዙን አንከፍልም ይላሉ። ጆርጅ ቡሮውስ የተባለው ሰባኪ ደመወዙ ስላልተከፈለው ለሚስቱ ቀብር ገንዘብ ተበደረ፤ በዚያው ዕዳ ሳቢያም ተይዞ ነበር። ያበደሩት ፑትናም የሚባሉት የመንደሩ ቤተሰብ ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ቤተሰብ የጠንቋዮች አለቃ ነው ብሎ መሰከረበትና በኦገስት 19 ተሰቀለ። ጠንቋይ ጸሎት ሊያደርስ አይችልም ይባል ስለነበር ከመሰቀያው ላይ ቆሞ «አባታችን ሆይ»ን አንዲት ቃል ሳይስት ደገመ፤ ሕዝቡም ተንጫጫ፤ ያም ሆኖ ሰቀሉት።

አራተኛው ሰባኪ ሳሙኤል ፓሪስ ይባላል። በንግድ ከስሮ ወደ ስብከት የመጣ ሰው ነው። በ1689 ሲቀጠር በዓመት 66 ፓውንድ ቢቆረጥለትም ሲሶው ብቻ በገንዘብ፣ የቀረው በእህልና በመሳሰለው የሚከፈል ነበር። በኦክቶበር 1691 ተቃዋሚዎቹ የመንደሩን ኮሚቴ ያዙና ግብር አንሰበስብም፣ ማገዶም አናቀርብም አሉ። ኒው ኢንግላንድ ውስጥ በበረዶው ወራት ማገዶ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ እዚያው ስለሚኖሩ ከኛ ይልቅ ያውቁታል። በዚያው ብርድ ከዚያው ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጁ ቤቲና የአሥራ አንድ ዓመት ዘመዱ አቢጌል ዊሊያምስ ይንፈራገጡ፣ ይጮኹ ጀመር። ሐኪሙም የክፉ እጅ አለበት አለ። ይህ በሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በማርች መጨረሻ፣ ፓሪስ ከዮሐንስ ወንጌል «ከእናንተም አንዱ ዲያብሎስ ነው» የሚለውን ጥቅስ አንሥቶ ሰበከ። እኅቷ ከጥቂት ቀን በፊት የታሰረችባት ሳራ ክሎይስ ስብከቱን አቋርጣ ወጣች፤ በሩም በኋላዋ በኃይል ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እርሷም ተከሰሰች።

የታሰረችው እኅት ሬቤካ ነርስ ናት። የ71 ዓመት አሮጊት፣ የታወቀች ጸሎተኛ ነበረች። በእርሷ ላይ ከቀረበው ምስክርነት አንዱን ልንገርዎ፤ መላው ነገር በእርሱ ውስጥ ይታያልና። ጎረቤቷ ሳራ ሆልተን ስትመሰክር፣ ከሦስት ዓመት በፊት አሳሞቻችን ማሳዋ ገቡ ብላ ሬቤካ ቤታችን ድረስ መጥታ ተቆጣች፣ ከዚያ በኋላ ባሌ ዐይኑ እየጠፋ፣ እየተንፈራገጠ ሞተ አለች። ከዚህ የተለየ አንዳች ነገር የለም። ከብት ማሳ ገብቶ የማይጣላ ገበሬ በየትም አገር የለም፤ በሽታም ያለ ነው። ሁለቱን አገናኝቶ «አንቺ ነሽ» ለማለት ግን በሰው ሆድ ውስጥ ለሦስት ዓመት የተቋጠረ ቂም ያስፈልጋል። የሬቤካ የትውልድ ቤተሰብ ደግሞ ከፑትናሞች ጋር በድንበር የቆየ ክርክር ነበረው። ሠላሳ ዘጠኝ ጎረቤቶቿ መልካምነቷን በፊርማቸው መስክረውላታል። ጁሪ የሚባሉት ዐሥራ ሁለት የሕዝብ ፈራጆችም መጀመሪያ በነጻ አሰናብተዋት ነበር። ልጃገረዶቹ በችሎቱ መካከል ሲጮኹ ግን የመሐል ዳኛው ዊሊያም ስቶውተን ጉዳዩን እንደገና እንዲያዩት አሳሰበ። ጆሮዋ ስለሚከብዳት ያልሰማችውን ጥያቄ እንደ ዝምታ፣ ዝምታዋንም እንደ ጥፋተኝነት ቆጥረው ፈረዱባት።

በዚህ ላይ የጦርነት ፍርሃት ነበረ። ከ1688 ጀምሮ በሰሜን፣ ዛሬ ሜይን በሚባለው ዳርቻ፣ ፈረንሳዮችን የወገኑ፣ የአገሩ ቀደምት ተወላጅ የሆኑ የዋባናኪ ተዋጊዎች የእንግሊዞችን ሰፈር ያጠቁ ነበር። በጃንዋሪ 1692 ዮርክ የምትባለው ከተማ በእሳት ጋየች። ሸሽተው ወደ ሴለም አካባቢ ከመጡት መካከል ወላጆቿን በጦርነቱ ያጣችው፣ በቶማስ ፑትናም ቤት በአገልጋይነት የተቀጠረችው ሜርሲ ሉዊስ ትገኛለች፤ እርሷም ከዋነኞቹ ከሳሾች አንዷ ሆነች። ቤተሰቧ በጦርነት ያለቀባት ልጅ ጠላት በየጥሻው አለ ብትል አይፈረድባትም፤ የሚፈረደው ያችን ልጅ ምስክር አድርጎ ባቆማት ላይ ነው።

ቲቱባን ሳናነሣ ብናልፍ መልሱ ይጎድላል። የፓሪስ ባሪያ ነበረች፤ መዝገቡ «ኢንዲያን»፣ ማለትም የአሜሪካ ቀደምት ተወላጅ፣ ይላታል። መጀመሪያ ከተያዙት ሦስት ሴቶች የተቀሩት ሁለቱ ሲክዱ እርሷ ግን በምርመራ ፊት አመነች፤ የዲያብሎስን መጽሐፍ አይቻለሁ፣ ዘጠኝ ምልክት ተፈርሞበታል አለች። ስማቸውን የጠራችው የሁለቱን አብረዋት የተያዙትን ሴቶች ብቻ ነበር። እንግዲህ የቀሩት እነማን ናቸው? ከዚያች ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ ያልተጠሩትን ስሞች ሲፈልግ ከረመ።

ጥያቄ፦ የእርሻ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሴለም ልጃገረዶች ያበዱት በሻገተ እህል ተመርዘው ነው ብለው ነግረውናል። እውነት ነው ወይ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ ሐሳብ በ1976 በአሜሪካ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ተወርቷል። ራይ በሚባለው እህል ዛላ ላይ የሚበቅል ኤርጎት የተባለ ፈንገስ መንፈራገጥና ቅዠት ሊያስከትል መቻሉ እውነት ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1977 እና 1978 በወሎ፣ በኋላም በ2001 በአርሲ፣ ፈንገሱ ከተገኘበት እህል የበሉ ሰዎች ጣታቸውና እግራቸው እየጠቆረ እስከ መቆረጥ ደርሰዋል። ዳሩ ግን ሁለቱን ነገሮች አነጻጽር። መርዝ ከአንድ ማድ የበላን ሁሉ ይነካል እንጂ ልጃገረዶችን መርጦ ሌላውን አያልፍም። መርዝ ተከሳሹ ችሎት ሲገባ ጀምሮ ሲወጣ አይተውም፤ የሴለም ልጃገረዶች ግን መዝገቡ እንደሚያሳየው ባላጋራቸው ስትነካቸው ይድኑ፣ ዐይኗን ስታነሣ ይወድቁ ነበር። እህሉ ተመርዞም ቢሆን ኖሮ ፈንገስ የሰው ስም አይጠራም፤ የማን ስም እንደተጠራና ለምን እንደተጠራ የሚነግረን የማሳውና የማገዶው ጠብ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። በትምህርት ቤታችን አንዲት ተማሪ ስትወድቅ ሌሎች ተከትለው የወደቁበት ቀን አለ፤ ሐኪሞች «የጅምላ ሂስቴሪያ» ብለው አረጋጉን። ሴለምም ይኸው ከሆነ፣ በሽታ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም ወይ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ክብርት መምህርት፣ ያዩት ነገርና ሴለም የጀመረችበት ነገር አንድ ዓይነት መሆኑን አንክድም። ከብርቱ ቁጥጥር ሥር የሚኖሩ፣ ብሶታቸውን በቃል መናገር የማይፈቀድላቸው ወጣቶች በሰውነታቸው ይናገራሉ፤ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ሳታስበው ትከተላለች። ሆን ብሎ ማስመሰል ነው ማለት አይደለም፤ መድኃኒት የሚሻ በሽታም ነው ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 1962፣ ታንጋኒካ ነጻነቷን ባገኘች በሁለተኛው ወር፣ በካሻሻ መንደር በሚገኝ የሚስዮን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪዎች ያለ ምክንያት ይስቁ፣ ያለቅሱ ጀመር፤ ከ159 ተማሪዎች 95ቱ ተያዙና በማርች ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲላኩ ነገሩ ወደ መንደሮቹም ተዛመተ፤ ከወራት በኋላም በራሱ በረደ። በዚህ የተነሣ የተሰቀለ ሰው የለም።

እንግዲህ መንፈራገጡ አንድ ነገር ነው፤ ስቅላቱ ሌላ ነገር ነው። ይህን ለይቶ ለማየት ከሴለም ብዙ ሳንርቅ በዚያው በ1692 ወደ ኮኔቲከት እንሂድ። በስታምፎርድ ካትሪን ብራንች የተባለች የ17 ዓመት አገልጋይ እንደ ሴለሞቹ ልጃገረዶች ተንፈራግጣ የጎረቤት ሴቶችን ስም ጠራች። ፍርሃቱ ያው ነበር፣ ሃይማኖቱም ያው ነበር፣ ቂሙም አልታጣም። ዳኞቹና ጎረቤቶቹ ግን ልጅቱን እያጠኑ ጥርጣሬያቸውን አስመዘገቡ፤ ኤልሳቤጥ ክላውሰን ለተባለችው ተከሳሽ 76 ሰዎች ፈረሙላትና በነጻ ተለቀቀች፤ የተፈረደባት አንዲቷ ሴትም ፍርዱ ታግዶላት ከሞት ዳነች።

በሴለም ግን ችሎቱ ራሱ የተለየ ነበር። የማሳቹሴትስ የቀድሞ የንጉሥ ቻርተር (ቅኝ ግዛቱ የሚተዳደርበት የንጉሥ ፈቃድ) በ1684 ተሽሮ፣ ንጉሡ የላከው ገዥም በ1689 በሕዝብ ተባሮ ስለነበር አገሩ ሕጋዊ መሠረቱ የላላ ሆኖ ቆይቷል። አዲሱ ገዥ ዊሊያም ፊፕስ አዲሱን ቻርተር ይዞ በሜይ 1692 ሲደርስ እስር ቤቶቹ ሞልተው አገኘ፤ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቁሞም ነገሩን ለስቶውተን ተወለት። ይህ ፍርድ ቤት ሁለት ነገር ፈጸመ። አንደኛ፣ የተከሳሹ አምሳያ መጥቶ አነቀኝ፣ ነከሰኝ የሚለውን፣ ከከሳሹ ዐይን በቀር ሌላ ሰው የማያየውን ነገር እንደ ማስረጃ ተቀበለ። በዚያች ሰዓት ቤቴ ተኝቼ ነበር ማለት አያድንም፤ የመጣው አምሳያህ ነው ይባላልና። ሁለተኛ፣ ያመነ ሰው የሌሎችን ስም እንዲናገር በሕይወት ሲቆይ የካደ ሰው ተሰቀለ። ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች አምነዋል። እናት «አመንኩ በዪ» ብላ ልጇን ብትመክር ምን ይደንቃል? ያመነው ሁሉ ሌላ ስም ይጠራል፤ የተጠራው ይታሰራል፤ እርሱም ነፍሱን ለማትረፍ ያምናል። አንዶቨር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ከ40 በላይ ሰዎች የተከሰሱት በዚህ መንገድ ነው።

በምርመራው ሰው እንዴት ይጠየቅ እንደነበር ለማየት ደግሞ ልመና ወጥታ ሲነፍጓት እያጉረመረመች ትሄድ ለነበረችው ለሳራ ጉድ ዳኛው ጆን ሀቶርን ያቀረበላትን ጥያቄ ይመልከቱ። «ከየትኛው ርኩስ መንፈስ ጋር ነው የምትወዳጂው?» «ከማንም።» «እነዚህን ልጆች ለምን ታሠቃያለሽ?» «አላሠቃየኋቸውም።» ሠርተሽ ነበር ወይ ተብላ አልተጠየቀችም፤ ለምን ሠራሽ ነው የተባለችው።

ነገሩ የቆመውም ልጃገረዶቹ ስለዳኑ አይደለም። ክሱ የታላላቆችን ቤት ማንኳኳት ጀመረ፤ የገዥው የፊፕስ ሚስት እንኳ ስሟ ተጠራ። ታላቁ ሰባኪ ኢንክሪስ ማዘር አንድ ንጹሕ ሰው ከሚኮነን ዐሥር የተጠረጠሩ ጠንቋዮች ቢያመልጡ ይሻላል ሲል ጻፈ። ፊፕስ በኦክቶበር መጨረሻ ፍርድ ቤቱን አፈረሰ። በጃንዋሪ 1693 የተቀመጠው አዲስ ችሎት የአምሳያ ማስረጃ አልቀበልም ባለ ጊዜ በዚያው አገር፣ በዚያው ሕዝብ፣ በዚያው ፍርሃት መካከል ተከሳሹ ሁሉ ማለት ይቻላል በነጻ ወጣ፤ የተፈረደባቸው ሦስቱም ምሕረት አገኙ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ጎንደር አካባቢ ነው፤ አሁን በእስራኤል እኖራለሁ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ «ቡዳ» እያሉ ልጆች ሲሸሹዋት አይቻለሁ። የሴለምን ታሪክ ሳነብ እርሷን አሰብኩ። አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል?
(ከእስራኤል)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ጥያቄዎ እኛንም ቃላችንን እንድንመረምር አድርጎናል። የሴለምን ተከሳሾች በአማርኛ «ጠንቋይ» ስንል እናሳስታለን። በእኛ አነጋገር ጠንቋይ ሰው ከፍሎ የሚሄድበት፣ እርሱም አውቃለሁ ብሎ የሚቀመጥ ነው። የሴለም ሴቶች ግን ማንም ሄዶ ያላስጠነቆላቸው፣ በስውር ጎዳሽን የተባሉ ናቸው። በዚህ መልኩ «ቡዳ ነው» የሚለው ሐሜት ይበልጥ ይቀርበዋል። ቡዳ በልቶታል የተባለ ሕመምተኛ ጭስ ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል፤ የሴለም ልጃገረዶችም በጩኸታቸው መካከል ስም ይጠሩ ነበር፤ ስም አውጪው ሕመሙ ነው፣ ሕመሙን ደግሞ ማንም መስቀለኛ ጥያቄ አይጠይቀውም።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የቡዳ ስም የሚለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ ርስት በተነፈገው በቤተ እስራኤል ላይ ነው፤ አስቀድሞ በሙያውና በሃይማኖቱ ተለይቶ የተቀመጠውን ሰው ከገበታና ከጋብቻ አርቆ ለማኖር የሚያገለግል ስም ነው። ያለ እነርሱ የማይዋልባቸውን ማረሻና ማሰሮ ከእርሱ እየገዙ እርሱን መሸሽ እንዴት እንደሚቻል ለሚጠይቅ፣ ስሙ ለዚያው መልስ ሆኖ ቆይቷል። ሴለም ላይ የተሰቀሉት ግን የቤተ ክርስቲያን አባላትና መሬት ያላቸው ገበሬዎች ጭምር ነበሩ። እዚያ የተፈለገው በውስጥ ተሸሽጓል የተባለው ጠላት ነው፤ የአያትዎ ወገኖች ግን ሳይደበቁ በግልጽ የተገፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሳሾቹ ከዚህ ሁሉ ምን አተረፉ? በኋላስ ምን ሆኑ?
(ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ብዙዎች የመሬት ነጠቃ ነው ይላሉ፤ በእርግጥ ንብረት ተወስዷል፤ የወሰደው ግን በአብዛኛው ሸሪፍ የሚባለው የሕግ አስከባሪ ሹም ነው እንጂ ከሳሾቹ አይደሉም። ከተሰቀሉት አንዱ የሆነው ጆን ፕሮክተር በታሰረ ጊዜ የሸሪፉ ሰዎች ከብቱን ነድተው፣ የቢራውን በርሜል ለመውሰድ ቢራውን ደፉት፤ ድስቱንም ለመውሰድ ውስጡ ያለውን ሾርባ ደፉት፤ ለልጆቹ የተረፈ ምግብ አልነበረም ተብሎ ተጽፏል። እስረኛውም የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የታሰረበትን ሰንሰለት ዋጋ ጭምር ይከፍል ነበር።

በጃንዋሪ 1697 የጾም ቀን ታወጀና ከዳኞቹ አንዱ ሳሙኤል ስዌል ጥፋቱን ያመነበት ጽሑፍ በጉባኤ ሲነበብ ቆሞ ሰማ። ዐሥራ ሁለቱ ፈራጆችም ይቅርታ ጠየቁ። ስቶውተን ግን እስኪሞት ድረስ አልጠየቀም። ሲጀመር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው አን ፑትናም በ1706 በዚያው መንደር ቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ በሬቤካ ነርስና በእኅቶቿ ላይ ላደረሰችው በደል ምሕረት ለመነች። በ1711 ለተጎጂ ቤተሰቦች 578 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ካሣ ተመደበ። የተፈረደባት ኤልሳቤጥ ጆንሰን ስሟ በሕግ የነጻው በ2022 ነው።

ቲቱባ በእስር ቤት ከዓመት በላይ ቆየች። ክሱ ሲቀር የእስር ቤት ዕዳዋን ከፍሎ የሚያወጣት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ጌታዋ ሳሙኤል ፓሪስ አልከፍልም አለ። ሌላ ሰው ዕዳውን ከፍሎ ገዛትና ወሰዳት።